ቀይ ያበራው ጥንድ

ውድ እህቴ፣

ከወረቀቱ በፊት ናፍቆቴ ይድረስሽ። እማዬ ደህና ናት፤ ፎቶሽን ሳሎን ሰቅላ ለመጣው ሁሉ «ቁርጥ እኔን!» ትላለች። የእኔ ፎቶ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ላቦራቶሪያችን አዲስ ማሽን ገባ። የእናትና የልጅ ናሙና አጣምረን እንሰጠዋለን፤ ካልገጠመ ቀይ ያበራል። ለሙከራ ባለፈው ስትመጪ የሰጠሽኝን ምራቅ ከእማዬ ናሙና ጋር አስገባሁት፤ ወዲያው ገጠመ። መቼስ አንቺ ምን ይሳንሻል! የእኔን ሦስቴ ደገምኩት፤ ሦስቴም ቀይ።

አለቃዬ «ብልቃጥ ተምታቶብሽ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። በአስር ዓመት አንድም ብልቃጥ ተምታቶብኝ አያውቅም።

እማዬ አንቺ የተወለድሽበትን ቀን እስከ ዝናቡ ድረስ ስታወራ በቃሌ ይዤዋለሁ። ስትደውዪላት እስቲ እንደ ዋዛ ጠይቂልኝ፤ እኔ የተወለድኩ ቀንስ ዘንቦ ነበር? አንቺን እምቢ አትልሽም።

በሰላም ቆዪኝ።

ያው እህትሽ