ልጁ ሆን ብሎ አይደለም

የካቲት 26

አለነ ለአንድ ዓመት ከማንኛውም ጨዋታ ታገደ። ደብዳቤው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ክለቡ ቢሮ ደረሰ። ይግባኝ ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይላል። እስከ መጋቢት 26 ማለት ነው።

ልምምድ ነበር። ከቡይት ራስ በኩል የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ተከላካዮቹን ለይቼ የማዕዘን ምት አሠራኋቸው። አለነ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ከመስመሩ ውጭ ቆሟል። ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። አሰልጣኝ ሰይፈ ሥላሴ፣ "አንተ ንገረው፤ አምበል አይደለህ?" ብሎ ሰጠኝ።

"አንድ ዓመት..." አለ። "ሃያ ሁለት ሊሞላኝ ነው።"

"ገና ልጅ ነህ።"

"ጥበብስ? እሱም ልጅ ነው።"

ጥበብ የዳባት ቡድን አጥቂ ነው። ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት እኛ ሜዳ ላይ ቅልጥሙ ተሰበረ።

ምሳ ሽሮ። ጋደም አልኩ። እንቅልፍ እምቢ አለ።

የካቲት 27

በትክክል ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

የካቲት 15፣ እሑድ። ሰባ አንደኛው ደቂቃ። ዜሮ ለዜሮ። ጥበብ እስከዚያ ድረስ ሁለት ጊዜ አልፎኛል። ሁለተኛው ላይ ኳሷን በእግሮቼ መሃል አሾለካት። ሎጬ! የእኛው ደጋፊ ሳይቀር ሳቀ። አንዱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ "ኧረ ጋሼን አሳርፏቸው! ጡረታቸውን አስከብሩላቸው!"

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አሥራ አራት ዓመት ተከላካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ሁለት ክለብ፣ አሁን ደግሞ የተወለድኩበት ደባርቅ። በአምስቱም አምበል ነበርኩ። አንድም ቀጥታ ቀይ ካርድ የለብኝም። ጋዜጠኛው ሁሉ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። "ንጹሑ ተከላካይ።"

የማዕዘን ምት ተሻማ። ኳሷ ተጨርፋ ጥበብ እግር ሥር ወደቀች። አለነ ከግራ በሸርተቴ ገባ። እኔ ከቀኝ። አለነ ኳሷን ነካ። እኔ ኳሷን አላየሁም። ያየሁት ቅልጥሙን ነው። ታኬታዬን አነሣሁ...

ሜዳችን ሣር የለውም። አቧራው ሲገለጥ ጥበብ ይጮሃል፣ አለነ አጠገቡ ተጋድሟል፣ እኔ ቆሜያለሁ።

ዳኛው እየሮጠ መጣ። ቀርቦ ሊያነጋግረው የሚፈቀድለት አምበል ብቻ ነው። ሌሎቹን በእጄ መለስኳቸው። እንዲህ አልኩ፦ "ዳኛ፣ ልጁ ሆን ብሎ አይደለም።"

ቀይ ካርዱን አወጣ። ለአለነ።

ስከላከልለት ነበር? አይደለም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ አውቅ ነበር። ዳኛው በሪፖርቱ አስፍሮታል፦ "የቡድኑ አምበልም ድርጊቱን አምኖ፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ አለመሆኑን ገልጿል።"

ክፋቱ አለነም ማመኑ ነው። "ሲሰበር በእግሬ ተሰማኝ" ይላል። የተሰማው ኳሷ ናት። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የካቲት 30

ልምምድ። ዝም አልኩ።

መጋቢት 3

ሰይፈ ሥላሴ ቢሮው አስጠራኝ። ዳባቶች አኩርፈዋል፤ የእኛ ሰው እዚያ ከመኪና ሲወርድ ይሰደባል። የጥበብ አባት አቶ ገዱ ግን ሽማግሌ ከመጣ አልመልስም ብለዋል። እሑድ ይኬዳል። ቄስ ገብረ ኪዳን ይመራሉ።

"አንተም ትገባበታለህ" አለኝ።

"እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?"

"ደጋፊውን ጠይቀዋ!" ብሎ ሳቀ።

አብሬው ሳቅሁ። እምቢ የምልበት ምክንያት ፈለግሁ። ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አልናገረውም።

መጋቢት 6

ከዳባት አሁን ተመለስን።

አቶ ገዱ ደጃፍ ስንደርስ አለነ ድንጋይ ተሸክሞ ይግባ ተባለ። ደንብ ነው። "ከቡድኑ ታላቁ ያሸክመው" አሉ። ታላቁ እኔ ነኝ። ቀለል ያለ ድንጋይ አነሣሁለት። አንደኛው ሽማግሌ፣ "ይሄማ ጉልቻ ነው፤ ያንን አምጣው" አሉኝ። ያንን አመጣሁ። ጫንቃው ላይ ያስቀመጥኩት በእነዚህ እጆቼ ነው።

ጎንበስ ብሎ ገባ። እኛ ከኋላው። ጥበብ እግሩ በጀሶ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። እናቱ ወይዘሮ ዓለምዬ ፊታቸውን አዞሩ። አቶ ገዱ ድንጋዩን አዩ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

"በምን መጣችሁ?" አሉ በመጨረሻ።

"በእመብርሃን" አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን። "ልጁ ሳያስበው ነው።"

አቶ ገዱ ወደ እኔ ዞሩ። "አለቃቸው አንተ ነህ አሉ። አንተስ ምን ትላለህ?"

"ይማሩት፣ አባቴ። ሳያስበው ነው።"

ሁለተኛ ጊዜ። ያውም በቄስ ፊት፣ ያውም በጾም።

"እንግዲህ ከእናንተ አልበልጥም። አውርድለት።"

አወረድኩለት። አለነ መሬት ስሞ አለቀሰ። ጥበብ ግን እሱን አይደለም የሚያየው። እኔን ነው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለነ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ "አምበል፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?" አለኝ።

መጋቢት 7

ባልኖር...

መጋቢት 12

ምሥራቅ፣ "ከሚስትህ የምትደብቀው ሕመም ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም። ልብስ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን አላቆመችም።

"ክለቡ የሚሸልምህ ሰኔ ላይ ነው አይደል?"

"አዎ። ምክትል አሰልጣኝነቱንም ያኔ ነው የሚያሳውቁት።"

"ለልብስ ሰፊው የሱፍህን ልኬት ሰጥቼው ነበር።"

ያጠፈችውን ሸሚዝ ክምሩ ላይ አስቀመጠች።

"ነገ ሄጄ ሱፉ ይቅር እለዋለሁ" አለች።

ይህቺ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ወሰነች። እኔ ሃያ ሰባት ቀን ይዤዋለሁ።

መጋቢት 15

አለነ ማሊያውን መለሰ። በሊማሊሞ ወደ ሽሬ ለሚወርድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኗል። ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ደረስኩበት። ሸራ እያሰረ ነው።

"ይግባኙስ? ዐሥራ አንድ ቀን አለህ።"

"ምን ብዬ? አልሰበርኩም ልበል?"

"ያ የአዲስ አበባው ክለብ ለሙከራ ጠርቶህ የለም?"

"ደውለው ነበር። በቃኝ አልኳቸው። ሰው ሰብሬ በምን ልቤ ነው የምሮጠው?" ገመዱን ጎተተው። "ቄስ ገብረ ኪዳን ቀኖና ሰጥተውኛል። በቀን አርባ አንድ ስግደት፣ እስከ ፋሲካ። ልምምድ ቀረልኝ ስል ጉልበቴ ባሰበት!" ብሎ ሳቀ።

አፌን ከፈትኩ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

"ተጠንቀቅ" አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። መኪናው ጠመዝማዛውን ይዞ ጉም ውስጥ ገባ።

መጋቢት 17

ቄስ ገብረ ኪዳን የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። ከኪዳን በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተናዘዝኩ። ሲያዳምጡ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ነበር።

"እኔም እዚያ ነበርኩ" አሉ። "እመብርሃንን የጠራሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ አባ።"

"በሐሰት አስጠራኸኝ።"

"አዎ፣ አባ። ቀኖና ይስጡኝ።"

"ስግደት ፈለግህ? ስግደትማ ይቀልሃል፤ ስፖርተኛ ነህ።" አገጫቸውን ከመቋሚያው አነሡ። "ልጄ፣ አሁን እግዚአብሔር ሰማ፣ እኔም ሰማሁ። አለነ ግን አልሰማም። የዋሸህበት ቦታ ሁሉ ሄደህ፣ በዚያው አፍህ አስተካክል። ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

መጋቢት 19

አለነ ትናንት ማታ ከሽሬ ገባ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ቤቱ ሄድኩ። ቆሜ ነገርኩት። "ድገመው" አለኝ። ደገምኩት።

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። እጆቹን አየ። ከዚያ የእኔን አየ።

"ድንጋዩን እንዴት አነሣኸው?"

ወደ በሩ ሄዶ ከፈተው።

"ቻላቸው፣ ውጣልኝ" አለ። አምበል አላለኝም። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

መጋቢት 20

ዳባት፣ ብቻዬን። ጥበብ ደጃፍ ላይ ነበር። ጀምሬ ሳልጨርስ፣ "አውቃለሁ" አለኝ። "ከቀኝ ነው የመጣብኝ። አለነ በግራ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ሆስፒታል ሆኜ ተናግሬ ነበር። ሕመሙ ነው የሚያስለፈልፈው አሉኝ። ማን ያምነኛል? አንተ እኮ ንጹሑ ተከላካይ ነህ። ከዚያ ደግሞ አባቴ ታረቀ። የታረቀን ነገር ማን ይቀሰቅሳል?"

አቶ ገዱ ከጓሮ መጡ። ሰሙ። ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኋቸው፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም።

"እኔ ይቅር ያልኩት ያንን ልጅ ነው። ላንተ ያልኩት ነገር የለም።"

"ለዚህ ነው የመጣሁት፣ አባቴ።"

"ብቻህን? ብቻውን ከመጣ ሰው ጋር አልታረቅም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይዘህ ና። ያኔም እሺ እላለሁ አላልኩም።"

መጋቢት 23

ለይግባኝ ኮሚቴው እውነቱን የጻፍኩበትን ደብዳቤ ለሰይፈ ሥላሴ አሳየሁት። በሩን ዘጋ።

"አብደሃል? ልጁን ለማዳን ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። አቧራ ነበር፣ ማን እንደመታው አልታየም ብለን እንጻፍ። ያንተ ስም ምን ቤት ነው?"

ጥሩ ሐሳብ ነው። ያስፈራኝም ጥሩነቱ ነው።

"ታይቷል" አልኩት። "እኔ አይቻለሁ።"

አለነ ይግባኙ ላይ ፈረመ። የፈረመው እኔ ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ አልፈለገም። የእኔ ቃል አብሮ ተያይዟል። ሁለት ዓረፍተ ነገር። "የጥበብን እግር የመታሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።"

መጋቢት 25

ይግባኙ ገቢ መሆኑን በስልክ አረጋገጡልኝ። አንድ ቀን ሲቀረው።

ሚያዝያ 7

አምበልነቱን አስረክቤያለሁ። ኮሚቴው እስኪወስን አልሰለፍም። የሰኔውን ሽልማት የሚያነሣ የለም።

የከበደኝ ሌላ ነው። ሰው አላመነኝም። ትናንት የባጃጁ ልጅ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። "አንተማ ሰው ነህ! ለልጁ ስትል ራስህን ሰጠህ።"

"እኔ ነኝ የሰበርኩት።"

"ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" ብሎ ጠቀሰኝ።

ገበያ ላይም እንደዚሁ ነው። እናቶች ይመርቁኛል። አሥራ አራት ዓመት የገነባሁት ስም እውነቱን ከእኔ ጋር ቀበረው። ኮሚቴውም ያንኑ ጠርጥሯል። ጸሐፊው ደውሎ፣ "የተጫዋችነት ዘመንህን እየጨረስህ ነው፤ ለወጣቱ ብለህ እንዳይሆን" አለኝ። ሌላ ምስክር ካልቀረበ የዳኛው ሪፖርት እንደሚጸና ነገረኝ። በዚያ ሪፖርት ውስጥ ያለው ቃል የእኔ ነው።

ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥበብ። ስልክ ደወልኩለት። "እኔ እመጣለሁ፤ አባቴ ግን ይፍቀድ" አለኝ። አቶ ገዱ እሑድ ኑ ብለዋል። ቄስ ገብረ ኪዳን ይመጣሉ። ሰይፈ ሥላሴ አልመጣም ብሏል።

አለነ ከጭነት መኪናው ወርዷል። ጠዋት ጠዋት ብቻውን ይሮጣል። ሰላም አይለኝም። ዛሬ ግን መንገድ ላይ ቆመና ጠየቀኝ።

"አቶ ገዱ እምቢ ካሉስ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እሑድ እኔም እመጣለሁ" አለ። "ላንተ ብዬ አይደለም።"

እሑድ ሚያዝያ 11፣ ዳባት። ኮሚቴው ማክሰኞ ሚያዝያ 13፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰየማል።