ጤና አዳሜን በፖሊስ ላስወሰዱልኝ ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቡ ዘከሪያ፣ በተላዕ አል-ዓሊ የምንኖርበት ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለደም ግፊትዎ፣ እንዲሁም በየማለዳው በጎማ ውሃ ለሚያጥቧት መኪናዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ የምድር ቤቷ ተከራይ ሰብለወንጌል፣ ኻልዳና ዴር ግባር ሰፈሮች እየተመላለስኩ በሰዓት ሒሳብ ቤት የማጸዳው፣ በወሩ መጨረሻ ክፍሌን እንድለቅ ከማዘዝዎ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ፤ በዓረብኛ ደጋግሜ ባስረዳዎት ስላልገባዎት፣ በማያውቁት ቋንቋ ብሞክረው የምናጣው ነገር የለም ብዬ ነው። ለጎረቤቶቻችን ግን ኢሳያስ የሚባል የአገሬ ልጅ ተርጉሞ ሊፍቱ በር ላይ ይለጥፈዋል።

አንደኛ፣ በስብሰባ ላይ ውሃ አባካኝ ብለው ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። ውሃ በሳምንት አንዴ መጥቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ኸዛን የሚሉትን ማጠራቀሚያ በሚሞላበት ከተማ፣ እኔም አንዲት ታማሚ አሮጊት ዘንድ እያደርኩ ክፍሌን ለቀናት ዘግቼ ስለምሄድ፣ ጤና አዳሜና በሶብላዬ እንዳይደርቁብኝ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ጀሪካን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬ፣ ከፋርማሲ የገዛሁትን አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ከሥሩ ሰክቼ፣ ጫፉን ለብነ የሚሉት እርጎ በሚሸጥበት ባልዲ ወደተከልኳቸው ዕፅዋት አውርጄ፣ በማጥበቂያዋ ጠብ ጠብ እንዲል አደረግኩ። መጀመሪያ ቀን አላልቼው ወጥቼ ስመለስ ፍራሼ በውሃ ርሶ እንደጠበቀኝ አልክድም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጀሪካኗ የምትጨርሰው ውሃ የመኪናዎን አንድ ጎማ አያጥብም። ልጅዎ ዘከሪያ እንኳ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው፣ ሥራዬን አድንቆ በላይኛው ፎቅ ላሉት ቲማቲሞቹ እንደዚሁ አድርጌ ቱቦ እንድዘረጋለት ጠይቆኝ በደስታ ዘርግቼለታለሁ።

ሁለተኛ፣ ክፍሌ መስኮት ስለሌላት ለዕፅዋቱ ያበራሁት ሐምራዊ መብራት በበሩ ሥር ሲወጣ አይተው ሊጠይቁኝ መምጣትዎ ተገቢ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኛ አገር ደንብ እንግዳን ባዶ አፉን የምትሸኝ ሴት ስለማትመሰገን፣ ሻይ አፍልቼ ከጤና አዳሙ አንድ ቀንበጥ ቀንጥሼ ነክሬ አቀረብኩልዎ። ደግመው ጠጡ፣ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ ብለው መረቁኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ለባለቤትዎ አንድ እስር ጨምሬ ሰጠሁዎት። እርስዎም ውለታ አይረሱምና፣ በማግስቱ ያንኑ እስር በፌስታል አንጠልጥለው፣ ይህች ሴት ሐሺሽ ታበቅላለች፣ በሻይ አጠጥታኝ ራሴን ቅልል ብሎኛል፣ ደረጃው ላይ የሚሸተንም የእሷ ነው ብለው ለፖሊስ አስረከቡት። እንግዳ ተቀባይነቴን እንዲህ በማስረጃነት ያቀረበልኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍተሻው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የመጡት ፖሊሶች ፍራሼን ገልብጠው፣ የጸሎት መጽሐፌን አራግፈው፣ ኢቃማዬን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ወስደው፣ ባልዲዎቼን ከነቱቦአቸው ጭነው ሲሄዱ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ እርስዎም ከፊት ነበሩ። ጣቢያ ውስጥ የነበረችው ሴት ፖሊስ ግን ቅጠሉን ገና በጣቷ አሸት ስታደርገው ሳቀች፤ ይሄማ ፈይጀን ነው፣ እናቴም ደጅ አለ አለች፤ ጤና አዳምን በእነሱ ቋንቋ እንዲያ ነው የሚሉት። እንዲያም ሆኖ የሐሺሽ ቅጠል ፎቶ አሳይታ፣ በክፍሌ እንደዚህ ያለ ኖሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በክፍሌ የለም አልኳት፤ አልዋሸሁም። ኢቃማዬን መልሰው ይቅርታ አሉኝ፤ እሷም ሌላ ነገር ካየሁ እንድደውል ቁጥሯን ሰጥታ አሰናበተችኝ። ዕፅዋቴ ግን መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ውሎ፣ ቀለሟ የምትባል አራስ ጓደኛዬ ለሆዷ ስትጠብቀው የነበረው ጤና አዳም ገለባ ሆኖ ቀረ።

ይህን ሁሉ እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት፣ ነጻ መሆኔን ፖሊስ ራሱ ከነገረዎት በኋላም፣ ፖሊስ የገባባት ተከራይ የሕንፃውን ስም ታጠፋለች ብለው ውሳኔውን ማጽናትዎን ነው። ፖሊሱን ማን እንደጠራው ረስተውት ይሆናል። ለብቻዋ የምትኖር ሐበሻ ሴት ቤት ስትፈልግ ስንት በር ፊቷ ላይ እንደሚዘጋ እርስዎ አያውቁትም። ለዓመታት በሰው ቤት፣ ወጥ ቤት አጠገብ ባለች ጓዳ ስተኛ ኖሬ፣ ቁልፏን በራሴ ኪስ የያዝኩባት የመጀመሪያዋ ክፍል ይህች ናት። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ስሰማ ኖሬ እምዬ እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ስለ ንቁ ጥበቃዎ፣ ስለ ስለታም አፍንጫዎ፣ ስለጠጡልኝ ሻይም እጅ እየነሳሁ፣ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ክብር ከምድር ቤት ቀና ብዬ የምመለከት

ታዛዥዎ ሰብለወንጌል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢሳያስ ይህችን አንቀጽ እንዳይተረጉማት ነግሬዋለሁ። ፖሊሷ ያሳየችኝ ፎቶ ላይ ያለው፣ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋው ቅጠል፣ እኔው ቱቦ የዘረጋሁለት የዘከሪያ ቲማቲም ነው። እስካሁን አንዲት ፍሬ አለማፍራቱን በውሃ ማነስ ሳመካኝ ነበር። የፖሊሷን ቁጥር ከኢቃማዬ ጋር አስቀምጬዋለሁ። እዚህ ላይ ምን እንደጻፍኩ ለዘከሪያ ነግሬዋለሁ፤ አባቱን እንዲያማክርም መክሬዋለሁ። እኔ በክፍሌ እስካለሁ ድረስ ይህች አንቀጽ በአማርኛ ትቆያለች።