ሁለት ኬብል በአንድ ቦይ

ኅዳር 11፣ ጠዋት
ውርጩ ጣቴን ገደለው። ቁፋሮው ግን ይሄዳል። ከኮሌጁ ዋና ሕንፃ ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያው) ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስዊች ሁለት ኬብል፦ አንዱ በግቢው በር በኩል፣ ሌላው በጓሮ ዞሮ። ሥራውን ተካፍለው ይሸከማሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ብቻውን ይይዛል። ዲኑ ዛሬም ሁለተኛውን ቅንጦት አለው። የመኪናዎ ትርፍ ጎማስ? አልኩት፣ ሰው ፊት። ጸሐፊዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። (ፊት ለፊት እርስዎ ነው፤ እዚህ ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ለእሱ አንቱታ የለም።)
ለዕቃ ደ/ብርሃን ልሂድ።

ኅዳር 12፣ ከሰዓት
ተመለስኩ። ጓሮው አልተነካም! ሁለቱም ኬብል በበሩ በኩል፣ አንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። የቆፋሪዎቹን አለቃ ጋሽ ጌጡን ከሚካኤል ሲመለሱ መንገድ ላይ ያዝኳቸው። በበዓል መሬት አይቆፈርም፣ በዋዜማው እንጨርስ ብለው ነው። "ሁለት አልሽ፣ ሁለት ቀበርን። ብቻውን ከሚበርደው ብለን ነው ልጄ!" ሳቄ አመለጠኝ። ግን ጋሼ፣ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይበጥሳል። 

ኅዳር 13፣ 3 ሰዓት
ዲኑ ደስ ብሎታል። ካለቀ አለቀ፤ የጓሮው ይሰረዝ ይላል። በሩ ጋ እኮ ለውሃ ቧንቧ እየተቆፈረ ነው! ነገ ምዝገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። ከጓሳ ተራራ ማዶ በእግር የመጣ ልጅ ኔትወርክ የለም፣ ተመለስ ሊባል? ቢቋረጥ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አለኝ። እንዲያ ከሆነ እንደኔ ይሆናላ!

10 ሰዓት
ጋሽ ጌጡ ከነቆፋሪዎቻቸው ዶማቸውን ይዘው መጡ። "ትናንት ሚካኤል ነበር፤ ዛሬ ማን ያግደናል?" ሁለተኛውን አውጥተን በጓሮ ቀበርነው። ለጓሮው ተለክቶ የተቆረጠ ነው፣ ትርፉ ተጠቅልሎ ተቀብሮ ነበር። እኔም ቆፈርኩ፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ጸሐፊዋ እንግዳ ይጠብቁ ብላ ዲኑን ቢሮ አስቀመጠችልን። እንግዳ የሚባል የለም። እግዜር ይስጣት!
ሁለቱንም ስዊች ሁለቱን መስመር እንደ አንድ እንዲያዩ አዘዝኳቸው። ይሠራል።

ኅዳር 14፣ 2 ሰዓት
ዲኑ ጓሮውን አየ። በማን ፈቃድ? በራሴ። አሰናብትሻለሁ አለ። ያሰናብት! ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ወስኛለሁ፦ ምዝገባው ሲደራ ዲኑን ስዊቹ ፊት አቆመዋለሁ፤ የበሩን ኬብል በገዛ እጄ እነቅላለሁ። ምዝገባው ከቆመ የስንብት ደብዳቤውን ሳልጠብቅ እሄዳለሁ። ካልቆመ ግን ቅንጦት ያለውን ቃል ሰው ፊት ይመልሳታል።
ዲኑ እየጠራኝ ነው። መጣሁ በለው፣ ማስታወሻዬ።