ክር ያለው ጓንት

ልብስ ሰፊዋ ጓደኛዬ፣

ነጮቹን ድቦች ፍለጋ ወደ በረዶው ምድር ገና አልተነሳንም፤ መርከቧ ወደብ ላይ ሆና እኛ ልምምድ ላይ ነን። ዛሬ የጉዞው መሪ የዓሣ መጋዘን ማቀዝቀዣ ክፍል አስገብታን በሩን ዘጋችና «ድንኳን ትከሉ» አለች። ትንፋሼ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ ሠራ። ሁሌ የማማርረው የካውያሽ ሙቀት እዚያው ናፈቀኝ።

ጓንቶቼን በክር አያይዘሽ በኮቴ እጅጌ ማሳለፍሽን የጉዞ ባልደረቦቼ አይተው «የሕፃን ልጅ ነው» እያሉ ሲስቁብኝ ነበር የሰነበቱት። ዛሬ ግን ገመድ ለማሰር ጓንቱን ያወለቀ ሁሉ የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። መሪያችን ራሷ የአንድ እጇን ጓንት ፍለጋ ከዓሣ ሣጥኖቹ ሥር በእንብርክኳ ሄደች። የኔ ግን እጅጌዬ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እኔም ካሜራዬን አውጥቼ እሷኑ ፎቶ አነሳኋት።

ስንወጣ «ከመነሳታችን በፊት የሁላችሁም እንደሷ ይሁን» ብላ አዘዘች። ማን እንደሰፋው ስትጠይቀኝ «እህቴ» አልኳት።

ስለኔ አታስቢ፣ ድቦቹን አይቼ እመጣለሁ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ጎረቤትሽን ጫማ ሰሪውንም ቦት ጫማው ውኃ አላስገባም በይው።

ቦታ አለቀብኝ፣ ወረቀቱን አዙረሽ ጠርዙ ላይ ያለውን አንብቢ፦ «ይሄን ክር ቁረጪልኝ» ብዬ ስጨቀጭቅሽ መቀሱን እንደደበቅሽብኝ ለማንም አልተናገርኩም።