ለአባባ የሠራሁት የጾም ሥጋ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ ብሎሻል? ተራራው ላይ ብርዱ ገብቷል አሉኝ። ያን ግራጫ ሹራብሽን ለመነኮሳቱ ሰጥተሽ አንቺ በስስ ልብስ እንዳትገኚ፣ አውቅሻለሁ። እኛ ደህና ነን። ባሌ ቦ-ካይ ሆዱ ትንሽ ከመግፋቱ በቀር ምንም አልሆነም። የላክሽልን የደረቀ እንጉዳይ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። የገዳሙ ወጥ ቤት ያለ አንቺ እንደማይሆን እመምኔቷ ራሳቸው ለሰው ማውራታቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ባለፈው ደብዳቤዬ አባባን ስትሮክ መታው፣ ተርፏል ብዬሽ ዝም አልኩ። ብዙ የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። ያን ጊዜ እየዋሸሁ ነበር፤ ለአንቺ ደግሞ ስለ ውሸቴ መዋሸት አልቻልኩም። አሁን አንድም ሳላስቀር እነግርሻለሁ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጡት የነገሩን ነገር አጭር ነው። የደም ግፊቱ ካልወረደ ሁለተኛው ምት አያስነሣውም፤ ስብና ጨው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። አባባ ምን እንደመለሰ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። «ሣር እየጋጥኩ መቶ ዓመት ከምኖር ሥጋዬን በልቼ ነገ ልሙት» አለ። አፉ ስለተኮላተፈ ሐኪሙ አልገባቸውም፤ አንገታቸውን ነቅንቀው «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አሉት። እኔ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ከቀድሞ ሥጋ ቤቱ ፎቅ ላይ ብቻውን መኖር ስለማይችል ወደ እኛ አመጣሁት። የመጀመሪያ ቀን ጎመን ቀቅዬ ባቀርብለት ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ እያየ «ጥንቸሉ የት ሄደ?» አለኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ሩዝና ሻይ ብቻ ሆነ፤ ጉንጩ ሲገባ፣ ሱሪው ሲሰፋው አየሁት። እንዲያ ዓይኔ እያየ አልቆ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እንግዲህ እኔ ማን ነኝ? በዳሺ ገበያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጾም ሥጋ ስሸጥ የኖርኩ ሴት አይደለሁም ወይ? የአሳማ ሻጭ ልጅ የአኩሪ አተር ሱቅ ከፈተች ብሎ ስንት ዓመት እንዳኮረፈኝ፣ በሱቄ በኩል ላለማለፍ ገበያውን እንዴት ዞሮ ይሄድ እንደነበር አንቺ ምስክር ነሽ። እሱ በሕይወቱ የእኔን ምግብ ቀምሶ አያውቅም። ስለዚህ አያውቀውም ብዬ አሰብኩ።

የአኩሪ አተሩን ወተት አፍልቼ ስልባቦቱን አንድ በአንድ ገፈፍኩ። ድርብርብ አድርጌ፣ ግማሹን በቀይ ሩዝ አቅልቼ፣ መሀሉ ላይ ስብ እንዲመስል እንደ አይብ ከረጋው የአኩሪ አተር ወተት ጠንከር ያለ ነጭ ቶፉ አስገባሁበት። በጨርቅ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፣ በእንፋሎት አበሰልኩት፣ ጠበስኩት፣ ከዚያ በአኩሪ አተር ስጎና በስኳር ሲንተከተክ አዋልኩት። እሱ የሚሞትለት ባለ ሦስት ድርብ የአሳማ ሥጋ ቁጭ አለ። ቦ-ካይ ገብቶ ሲያይ ደንግጦ «አበድሽ? እዚህ ጾመኛ ቤት አሳማ?» አለኝ። ቀምሶ ነው ያመነኝ።

ለአባባ ስብ የሌለበት ቦታ ተመርጦ ነው፣ ሐኪሙ ጥቂት ፈቅደዋል፣ ሥጋ ቤትህን የተረከበው አ-ሁይ ራሱ ቆርጦ ልኮልሃል አልኩት። ቀኙ ስለማይታዘዘው በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ ቀመሰ። ረጅም ጊዜ አኘከ። ከዚያ «አ-ሁይ በመጨረሻ ቢላ መያዝ ተማረ» አለና ሳህኑን ጨረሰው፤ መረቁን ሩዝ ላይ አፍስሶ ጠረገው። ወጥ ቤት ገብቼ አፌን በሽርጥ አፍኜ ሳቅኩ። አርባ አንድ ዓመት አሳማ የበለተ ሰው በአኩሪ አተር ተሸወደ! እማዬ፣ ኃጢአት ነው አትበይኝ እንጂ በሕይወቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ጠዋት ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣውን፣ ካም የሚሉትን የጾም ሥጋ ጠብሼ፣ ማታ ያንን ሦስት ድርብ፣ አንዳንዴ የጾም ዶሮ፣ የጾም ዓሣ። ጉንጩ ሞላ፣ ስድቡ ተመለሰ። ግፊቱ ግን አልወረደም፤ ጭራሽ ወደ ላይ ወጣ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨመሩለት፤ ያም አላወረደውም። አንድ ጠዋት የግራ እጁም ደነዘዘችና የሩዙን ሳህን ጣለው። ያን ቀን ሆስፒታል እስክንደርስ እንዴት እንደሆንኩ አልነግርሽም። ሁለተኛው ምት አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ ነው አሉን።

እዚያ ስለ አመጋገብ የምትመክር ዩ-ሩ የምትባል ልጅ አለች፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷ ግን እንደ አባባ ነው። ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። እሱ እንዳይሰማ ወደ ኮሪደር ወስጄ፣ እየተኩራራሁ፣ ሥጋ የሚባል ነገር እንዳልቀመሰ፣ ሁሉም አኩሪ አተር እንደሆነ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ እኮ ነው። «እንዴት እንደምትሠሪው አንድ በአንድ ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። የስጎውን ልክ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የካሙን መጠቅለያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ባሳያት ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። አሥራ አራት ዓመት ስሸጠው ያንን ጽሑፍ አንብቤው አላውቅም እማዬ። ከዚያ «እህቴ፣ አንቺ እኮ አሳማውን አውጥተሽ በእሱ ቦታ ጨውና ዘይት ነው ያስገባሽበት። አኩሪ አተሩ ምን በደለ?» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጾመኛ ስለሆንኩ ጤነኛ ነኝ፣ ጤነኛ ስለሆንኩ ከሰው እሻላለሁ ብዬ ነበር የምኖረው። ለደንበኞቼም «ብሉ፣ አኩሪ አተር ነው፣ ምንም አይላችሁም» ስል ኖሬያለሁ። አባቴን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።

ዩ-ሩ ግን ተቆጥታ ብቻ አልተወችኝም። ቶፉ ነጩን ራሱን ስጪው፣ በዝንጅብልና በሰሊጥ ይበቃዋል አለች። የተቀቀለ አኩሪ አተር፣ ስኳር የሌለበት ወተቱ፣ ያልተፈተገ ሩዝ፣ በየዓይነቱ አትክልት። የጾም ሥጋው ይቅር አልልሽም፣ ለበዓል ይሁን፣ ስጎውም በማንኪያ ይለካ አለችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጣቶችሽን ይጠዘጥዝሻል ወይ አለችኝ። አዎ፣ ዓመት ሆኖኛል፣ ከሥራ ብዛት መስሎኝ። ደም አስመረመረችኝ፤ ቢ-12 የሚባለው ቫይታሚን አልቆብኛል። ምንም የእንስሳ ነገር የማይበላ ሰው ቶፉ ውስጥ አያገኘውም፤ በክኒን መውሰድ አለበት። ስለዚህ ለአንቺም አንድ ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። «የገዳም ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥዪው፤ ለመነኮሳቱም ንገሪያቸው።

ችግሩ ነጭ ቶፉ ነጭ ቶፉ ነው። አሳማ ነው ብሎ ማንን ይሸውዱበታል? እውነቱን ልነግረው ግድ ሆነ። ነገርኩት ማለት ደግሞ ከእኔ እጅ ምንም አይበላም ማለት ነው። ቦ-ካይ «እኔ ገበያ ቆይቼ እመጣለሁ» ብሎ ሸሸ፣ ወንድ አይደል!

ሳህኑን አቀረብኩለት። «አባባ፣ ይሄ ቶፉ ነው፤ እስከ ዛሬ የበላኸውም ሁሉ አሳማ አልነበረም» አልኩት። ሳህኑ ግድግዳ ላይ እስኪያርፍ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። አልበረረም። ሳይሰማኝ ቀርቶ ይሆን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ እየሳቀ ነው።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «አርባ አንድ ዓመት ስበልት ኖሬ እንደ ደብተር እየተገለጠ የሚሄድ አሳማ የት አይቼ አውቃለሁ? ደግሞስ ነጭ ሽንኩርት የሌለበት የአሳማ ወጥ የትኛው አገር ነው የሚሠራው? አ-ሁይ ነጭ ሽንኩርት ካላስገባ ሻይም አያፈላም።»

እውነቱን ነው። እኛ የቡድሃ ጾመኞች ነጭ ሽንኩርት እንደማንነካ ረስቼው፣ ልማዴ ስለሆነ፣ አንድም ቀን አላስገባሁበትም። ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ተናደድኩ፣ እማዬ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ስልባቦት ስገፍፍ፣ ስዋሽ፣ ስፈራ፣ እሱ እያወቀ! ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ «የእናትሽ ወጥ ነው» አለኝ። «ወር በገባ በአንድና በአሥራ አምስት ትሠራው የነበረው ነው። እሷ ስታቀርብልኝ በእጄ ገፋሁት። አንዴም አልቀመስኩላት። የኔን አሳማ ንቃ ነው ብዬ። ከሄደች ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ዓይነት ጣዕም ይኖረው ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። አንቺ ስታመጪው በሽታው ይሻለኛል አይሻለኝም የሚለው አላሳሰበኝም።»

ሳህኑን አቅፌ ጎኑ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ «እያለቀስሽ ጨው አትጨምሪበት፣ ያቺ ቀጭን ልጅ ትቆጣለች» አለኝ። ከዚያ ነጩን ቶፉ በላው። የረጠበ ግድግዳ የመላስ ያህል ነው አለ፤ ግን ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆኖታል። ሁልጊዜ ቅዱስ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ቀን አ-ሁይ ጋ ሄዶ ቋሊማ ሲበላ ይዤዋለሁ፣ «ምርመራ ላይ ነበርኩ» አለኝ። ግን ግፊቱ ወርዷል፤ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ አንዱን አስቀርተውለታል። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ይመጣል። ቶፉው ከመጭመቂያው ሲወጣ ቆራጩ እሱ ነው። ቀኝ እጁ ይደግፋል፣ ግራው ይቆርጣል፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ለገበያተኛ ሴቶቹ «አጥንት የለው፣ ጅማት የለው፣ ይሄ ምኑ ሥራ ነው» እያለ ይሳደባል፤ እነሱ ደግሞ ስድቡን ሊሰሙ ይመጣሉ። እኔም የጾም ሥጋውን ጨው ግማሽ አድርጌዋለሁ። ደንበኛዬ ወይዘሮ ጋኦ «የድሮው ይሻል ነበር» ብላ አኩርፋ ሁለት ሳምንት ጠፍታ ነበር፤ ተመልሳለች። ደስተኛ ነኝ እማዬ። የአባቴን ድምፅ ከሱቄ ውስጥ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቢላህን አስቀምጥ ብለሽ የለመንሽው ጊዜ፣ እሱም ልጆችሽን ያሳደገው ይሄ ቢላ ነው ሲልሽ ጃንጥላሽን ይዘሽ የወጣሽ ቀን፣ ሁለታችሁም ላይ ፈርጄ ነበር። አሁን አልፈርድም። ይቅር በይው ልልሽም አልጽፍም፤ ያ የአንቺ ነገር ነው። በሕይወት እንዳለና በምን እንደተረፈ እንድታውቂ ብቻ ነው።

የምሕረት እናት ጓንዪን ጉልበትሽን ትጠብቅልኝ። እንቅልፍሽ ይጣፍጥ፣ የምትቆርሺው ሁሉ ጤና ይሁንሽ። ለመነኮሳቱ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልከው ነበር፤ የሚያመጣልሽ ሰው ተገኘና ተውኩት። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ በቀስታ ወጥቶ ነው የሚደርሰው። አብሬህ ልምጣ ብለው እንቢ አለኝ። ፀጉሩን ተቆርጧል፣ አዲስ ሸሚዝም አስገዝቶኛል፤ ለእግር ጉዞ ነው፣ ሐኪሙ አዘዋል ነው የሚለው። ደብዳቤውን ለበረኛዋ ሰጥቶ ከበሩ ውጭ ይቆማል እንጂ ካልጠሩት አይገባም፤ ምን ላድርገው፣ ፍጥረቱ ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ። ቤት ቁርስም ምሳም አልቀምስም ብሎ ነው የወጣው።

ጨው አታብዢበት።

ልጅሽ