ከናይትሮጅኑ ላይ የጠፉት ነጥቦች

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ደረስን። አውቶቡሱ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው ያመጣን። አልጄርስ ዳርቻ ይመስለኛል፣ አውሮፕላን ይሰማል። ስልካችንን በር ላይ ተቀበሉን። የባካሎሬያን፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያውን፣ ፈተና አውጥተን፣ ታትሞ፣ ልጆቹ ተፈትነው እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አይወጣም። አርባ ቀን ገደማ። መደወል የለ፣ ደብዳቤ የለ። መስኮቱን ነጭ ቀለም ቀብተውታል።
አብራኝ የምታድረው ሁሪያ ትባላለች፣ የኦራን ሰው፣ የሂሳብ አስተማሪ። ሻንጣዋን እንዳስቀመጠች፣ «አርባ ቀን ባሌን ላላየው ነው። ቅጣት ነው ሽልማት?» አለች። ሳቅን። የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው የሳቅነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
የኬሚስትሪው ሦስተኛ ጥያቄ አለቀ። የኔ ነው፣ ወድጄዋለሁ። አሞንያ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ሌላኛው ደግሞ ቦሮንና ሦስት ፍሎሪን። ሁለቱም ሦስት ክንድ ነው ያላቸው። ታዲያ የትኛው ነው እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ የትኛው ነው እንደ ባለሦስት እግር በርጩማ? ለምን?
በርጩማው አሞንያው ነው፣ ምክንያቱም ናይትሮጅኑ ላይ ማንንም ያልያዙ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉ። ከጥያቄው ጋር በሳልኩት ሥዕል፣ ናይትሮጅኑ አናት ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች ናቸው። ምንም አልያዙም፣ ግን ቦታ ይፈልጋሉ። ሦስቱን ክንዶች ወደ ታች ይገፏቸዋል።
የኬሚስትሪ ቡድኑ ኃላፊ አቶ ላኽዳር፣ በኛ አጠራር ሲ ላኽዳር፣ አነበቡት። «ጎበዝ ልጄ። የሸመደደውን ከገባው ይለያል» አሉ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አስተምረዋል። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18
የመጨረሻው የኅትመት ናሙና ላይ ፈረምኩ። ራሴን አሞኛል። የልጄ የያሲን ጥርስ ወልቆ ይሆን? ስመጣ እየተነቃነቀ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 29
ዒድ። ከግንቡ ማዶ በግ ሲጮህ ሰማን፣ ቀጥሎ ልጆች። ወጥ ቤቱ ኩስኩስ በሥጋ ሠራልን። ሁሪያ የመስኮቱን ቀለም በጥፍሯ ስትፍቅ ዋለች። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ከፈተች። ተራ ገብተን አየን... ሌላ ግንብ።

እሑድ፣ ሰኔ 1
የታተመውን ፈተና ሰጡን፣ የማረሚያ መልስ እንድናዘጋጅ።
ነጥቦቹ የሉም።
ደጋግሜ አየሁ። ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። የናይትሮጅኑ አናት ባዶ ነው። ያስቀመጥኩትን ናሙና አወጣሁ... እዚያም የሉም። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ከጎኑ የሲ ላኽዳር።
ሥዕሉን አምኖ የሚያስብ ልጅ «ጠፍጣፋ» ብሎ ይጽፋል። በትክክል አስቦ ይወድቃል። የሸመደደው ያልፋል። ምን አድርጌ ነው ያላየሁት?

ሰኞ፣ ሰኔ 2
ለሲ ላኽዳር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።
«ማን ያየዋል?»
«የሚያስበው ልጅ ያየዋል።»
«የሚያስበው ልጅ ናይትሮጅን ስንት ኤሌክትሮን እንዳለው ያውቃል።»
«እኛ የሳልንለትን ትቶ? በፈተና ቀን? ሲ ላኽዳር፣ እርስዎ ቢሆኑ ይደፍሩ ነበር?»
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዙሊኻ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት። አንድ እንከን የለብኝም። ጡረታ ልወጣ ስል አታዋርጂኝ» አሉ።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
በግቢው ዞርኩ። አንዱ ጎን ስልሳ አራት እርምጃ ነው። ብናገር ሽማግሌውን እገድላለሁ። ዝም ብል... ስንት ሺህ ልጅ? መውጫ የለውም፣ ግቢውም ነገሩም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4
ሄድኩ። ለሲ ላኽዳር አስቀድሜ ነግሬያቸው ነው የሄድኩት። ቀና ብለው አላዩኝም።
የቦታው ኃላፊ ሲ ቡዝያን የሥነ ጽሑፍ ሰው ናቸው። «ሁለት ነጥብ? ለሁለት ነጥብ ነው ምሳዬን ያቋረጥሽኝ?»
ከወጥ ቤት አራት የፕላስቲክ ጓንት ይዤ ነበር። ነፋኋቸው፣ አፋቸውን አንድ ላይ አሰርኩ። ማንም ሳይነካቸው ተገፋፍተው አራት አቅጣጫ ያዙ።
«ሦስቱ ሃይድሮጅን የያዙ ናቸው። አራተኛው ምንም አልያዘም። ግን ይገፋል። አሁን እኛ ያተምነውን ይዩ።» አንዱን አስተነፈስኩ። ሦስቱ ወዲያው ተንጋልለው ጠፍጣፋ ሆኑ።
ሲ ቡዝያን ጓንቶቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ታዲያ ወረቀታችንን ያመነ ልጅ...»
«ይሳሳታል። እኛን ስላመነ።»
«እንደገና ማሳተም አይቻልም። ከረጢቶቹ ታሽገዋል። የእርማት ማስታወቂያ ወደየክፍሉ ይላካል፣ ፈተናው ሲጀመር ይነበባል። ግን በስም ሪፖርት ይጻፋል። ዳግመኛ እዚህ አትጠሪም። ሌሎቹ ሲወጡም ጉዳዩ እስኪጣራ ትቆያለሽ። ናሙናውን የፈረመው ማነው?»
«እኔ» አልኩ።
«ሁለት ፊርማ ነው ያለው» አለ ከኋላዬ ድምፅ። ሲ ላኽዳር በሩ ላይ ቆመዋል፣ ኮታቸውን ለብሰው። «እሷ አይታ ተናገረች። እኔ አይቼ ዝም በይ አልኳት። እሱንም ይጻፉት።»
ስንወጣ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲ ላኽዳር፣ «ጓንቱ ጥሩ ነበር» አሉ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
ዛሬ ኬሚስትሪ። አንብበውላቸው ይሆን? እዚህ ምንም አይሰማም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13
ሁሉም ወጡ። ሁሪያ አቅፋኝ አለቀሰች። አልጋዋ ተጠቅልሏል። የቀረነው ሲ ላኽዳርና እኔ ነን። ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁናል፣ ያንኑ እንመልሳለን። ከሰዓት በኋላ ዶሚኖ ተጫወትን። ያጭበረብራሉ ለካ!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
መዲያ፣ ከተማዬ። ቤቴ። እሑድ ለቀቁን። የያሲን ጥርስ ወልቋል፣ አዲሱም ብቅ ብሏል። ስሜ ከአውጪዎች ዝርዝር ተሰርዟል። የሲ ላኽዳር የስንብት ድግስ ቀርቷል። ትናንት ደወልኩላቸው፣ «ድግስ ሆዴን ይነፋኝ ነበር» አሉ።
ዛሬ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ ሲሃም አገኘችኝ። ተፈትናለች።
«አክስቴ ዙሊኻ፣ ኬሚስትሪው ላይ ጉድ ሆነ! ተቆጣጣሪው ተነስቶ፣ ናይትሮጅኑ ላይ ሁለት ነጥብ ጨምሩ አለን። እኔ ጠፍጣፋ ብዬ ልጽፍ ነበር። ማን ነው ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚረሳው? እንቅልፋም!»
ፈተና አውጪ ማንነቱን ለማንም አይናገርም። ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ።
ሰልፉ ዞሮ ያየናል። ዳቦ ጋጋሪውም።
«እኔ ነኝ የረሳሁት» አልኳት።