የሳቢሳዎቹን ዛፍ ላቆዩልን ለወይዘሮ ስንቅነሽ ተሰማ ዕረፍት የወጣ የሀዘን መግለጫ

ከሳጃና አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ
ካርቱም፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

በካርቱም ለቀራችሁ፣ በገዳሪፍ፣ በካይሮና በአዲስ አበባ ለተበተናችሁ ምእመናን፣ እንዲሁም ለሳጃና ጎረቤቶቻችን በሙሉ፤

የቤተ ክርስቲያናችንን ቅጽር ግቢ ዛፎችና አእዋፍ ሲንከባከቡ የኖሩት ወይዘሮ ስንቅነሽ ተሰማ ባደረባቸው የወባ ሕመም ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አርፈዋል። የሰበካ ጉባኤው ሐዘን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር የሚመሰክረው ነገር ስላለም ይህ መግለጫ ከተለመደው ይረዝማል።

ወይዘሮ ስንቅነሽ በ1977 ዓ.ም. በገዳሪፍ በኩል ሱዳን ገብተው መጀመሪያ በካርቱም ቡሪ ሰፈር በሰው ቤት ሠርተዋል። ኋላም አገሬው ሲት ሻይ የሚለውን ሥራ ይዘው፣ በሳጃና መንገድ ዳር ሻይ አፍልተው እየሸጡ ልጆቻቸውን ሳላሕንና ራዛንን አሳድገዋል።

በ1994 ዓ.ም. ግቢያችን አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ብቻ የቆመበት ደረቅ መሬት ነበር። ወይዘሮ ስንቅነሽ ማንም ሳይሾማቸው ምእመናን የሚታጠቡበትን ውሃ በቦይ እየመሩ ሠላሳ አንድ ችግኝ አጸደቁ። ዛፎቹ ጥላ ሲሰጡ እርግቦች መጡ፤ ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ ያልታወቀች ኤሊም ገባች። ትልቁን ኒም ሳቢሳ የሚባሉት ነጫጭ ወፎች ጎጆ ሠሩበት። በክረምት ከአራት መቶ በላይ ሆነው ሲሰፍሩበት ከመንገድ ማዶ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በዓመታዊው ክብረ በዓል ታቦቱ ሲዞር የሳቢሳ ኩስ ታቦቱን በጋረደው ጥላ ላይ ወረደ። ሰበካ ጉባኤው በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ ኒሙ እንዲቆረጥ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ወለምታማ የባሰ ነው። ወይዘሮ ስንቅነሽ አልተከራከሩንም። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ ቀን ለመኑ፤ እስከዚያው አሮጌ ሸራ እየሰፉ ታቦቱ የሚዞርበትን መንገድ ሁሉ ከላይ ሸፈኑት። በቀጣዩ ዓመት ታቦቱ ሦስቱንም ዙር በሸራው ሥር ዞረ፣ ጠብታም አልነካው። ኒሙም ሳይቆረጥ ታለፈ፤ ውሳኔው ግን ሳይሻር በመዝገብ ቀረ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አብዛኛው ምእመን ተሰደደ። መኪና አዘጋጅተን ውጡ ብንላቸው፣ "እናንተ ሂዱ፤ እነዚህ ጀዋዝ (ፓስፖርት) የላቸውም" ብለው ወደ ወፎቹ አመለከቱን፤ ቀሩም። በግቢው አሥራ አራት ቤተሰብ ተጠለለ። የቧንቧው ውሃ ተቋርጦ ስለነበር በጀሪካን የሚቀዳው ለመጠጥም አይበቃም ነበር። እሳቸው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ዛፎች ደልድለው ሰጡ፤ ፊቱንም፣ ልጁንም፣ ድስቱንም ከዚያ ሥር በቀር የትም እንዳያጥብ ደነገጉ። በዚያ ሙቀት አንድም ዛፍ አልደረቀም። ይህን ስንጽፍ አሁንም እየገረመን ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማገዶ አለቀ። የሰፈሩ ዛፎች አስቀድመው ተቆርጠው ነበር፤ ልጆች ጥሬ እህል ሲቆረጥሙ አየን። ያን ጊዜ የቀረነው የሰበካ ጉባኤ አባላት የ2011 ዓ.ም. ውሳኔ ትዝ አለንና መዝገቡን ገልጠን፣ መጥረቢያ ይዘን ከኒሙ ሥር ቆምን። ሳቢሳዎቹ እንቁላል ታቅፈው ነበር። ወይዘሮ ስንቅነሽ እስከ ነገ ታገሡኝ አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ እስር የተፈለጠ እንጨት ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው "ያላ፣ አብስሉ" አሉን። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አንድም ጠዋት አልቀሩም። ከፈረሱ ቤቶች የሚለቅሙት መስሎን ነበር፤ የራበው ሰው አይጠይቅምና አልጠየቅንም። በሃያኛው ቀን ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በኩል ከሰል መግባት ጀመረ፤ መጥረቢያውም ወደ ቦታው ተመለሰ። በነሐሴ ጫጩቶቹ በረሩ።

ኅዳር 20 ቀን አስከሬናቸውን ሊገንዙ የሄዱ እናቶቻችን ቤታቸውን ያዩት ገና በዚያ ቀን ነበር። ጠረጴዛ የለም። ሻይ የሚሸጡባቸው በርጩማዎች የሉም። የውስጠኛው ክፍል በር ከነመቃኑ የለም። አልጋም አልነበረም፤ ያረፉት መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ነው። አብራቸው የኖረችውን ራዛንን ብንጠይቃት፣ እናቷ በዚያ ክረምት ዕቃውን አንድ በአንድ እየፈለጡ እንዳወጡት፣ የመጨረሻውም አልጋቸው እንደነበረ፣ ለማንም እንዳትነግር አስምለዋት እንደነበር ነገረችን። ከአንድ ዓመት በላይ መሬት ላይ ተኝተዋል፤ እኛም በየሳምንቱ እያገኘናቸው እንደምን አደሩ እንል ነበር።

ሰበካ ጉባኤው ትናንት በአስቸኳይ ተሰብስቦ የ2011 ዓ.ም. ውሳኔውን ሽሯል። ዘግይቷል፤ ይህንንም በመዝገቡ ላይ አስፍሯል።

ለአቶ ሳላሕ፣ ለወይዘሮ ራዛን፣ ለዘመዶቻቸውና ለወዳጆቻቸው እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን። በዚያ እንጨት የበሰለውን የበላን አሥራ አራት ቤተሰብም ከልጆቻቸው ጋር ሐዘን ተቀምጠናል። ለቅሶ የምትደርሱ ሁሉ እኛንም ድረሱን።